ሳትታጠብ የቀረችው ድንጋይ

ለወንድሜ ለዋለ፣ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ

እንዴት ነህ ወንድሜ? የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ጣቢታስ? ትንሿ ልጃችሁ ኪያስ ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ብቻ ዋለ ከሳ ወይስ ወፈረ እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች።

ዋናው ወሬ የእኔ ነው። ዶክተር ሊሻን ከምትባል ድንጋይ የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ሰው ጋር ስሠራ ከረምኩ። አንተ ድንጋይ ትፈልጥበት የነበረው ካባ ውስጥ ያ ቢጫ ነገር የተጋገረበትን ድንጋይ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ እሷማ ሦስት ቀን ዞራ አላየችውም። አንድ ዓይነት መብራት ስታበራበት አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ። ዩራኒየም አለበት አለች። አንዷን ፍንካች ወስዳ፣ ፈጭታ ስታስመረምር በዓለም ከተመዘገበው ማዕድን ከአንዱም ጋር አልገጠመም። አየህ የወንድምህን ዓይን!

ግን በወጉ አዲስ ነው እንዲባል ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ መታወቅ አለበት፣ እንደ ጡብ ግድግዳ በለው። ለዚያ በኤክስሬይ የሚያዩት ያልተነካ ክሪስታል ይፈልጋሉ፤ የሰሊጥ ፍሬ ብታክል ይበቃል። እኔ ደግሞ የቀረውን ለቅሜ ጆንያ ሙሉ አመጣሁ። መቼም ታውቃለህ፣ እኛ ጋ ካሮት ሳይታጠብ ፎንቆ ገበያ አይወጣም። ወንዝ ወርጄ በብሩሽ ፈትጌ አጠብኩላት። ለካ ቢጫው ውሃ ሲነካው እንደ ጨው ይሟሟል! ዶክተሯ ጆንያውን ፈታ አየችና አንድ በአንድ እያገላበጠች ቢጫ ትፈልግ ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባለሱቋ ሃቢባማ ሳልፍ ባየችኝ ቁጥር “ካሮት አጣቢው ሳይንቲስት!” እያለች ሰው ታስቅብኛለች። ካባው ደግሞ ለመንገድ ጠጠር ተፈጭቶ አልቋል።

የቀረችው አንተ ስትሄድ ለማስታወሻ የያዝካት ባለቢጫዋ ድንጋይ ብቻ ናት። ዩራኒየሙ መርዝ ነው፣ ጨረርም አለው፤ እባክህ ዛሬውኑ ከኪያ እጅ አርቃት። በፌስታል ጠቅልለህ ቆርቆሮ ውስጥ ክተታትና እጅህን ታጠብ። እጅህን ነው ያልኩት! ፖስታ ቤት እንዳትወስዳት፤ ዶክተሯ የምታውቃቸው አጥኚዎች እዚያው መጥተው ይወስዷታል። ስልክህን ሰጥቻታለሁ።

እማዬን በጣም ናፍቀሃታል። አባዬም ሰላም ብሎሃል፤ እህታችን ገነቴም አሥረኛ ክፍል ገብታለች፣ ሰላም በልልኝ ብላለች። ኪያን ጉንጯን ሳምልኝ። ጣቢታንም ሰላም በልልኝ። ጽዳት እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ድንጋይዋን አጥባት ከሆነ እንዳትቆጣት። እውነቱን ብቻ ንገረኝ። ጆንያ ሙሉ ያጠብኩ ሰው እሷን ምን እላታለሁ?

ወንድምህ ኤልያብ
ፎንቆ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.