ለሙሽራዋ የሰፋሁት ቦርሳ

ለውድ እህቴ ለየሺሀረግ፣ እንደ ሀይዌዩ መኪና የበዛ ሰላምታዬ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይድረስሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከቀሚስ የተረፈውን የጥለት ቁርጥራጭ ጣይው ብትይኝም አልጥልም! እየገጣጠምኩ የትራስ ልብስና ቦርሳ እሰፋበታለሁ። ባለፈው ለአንዲት ሙሽራ ቦርሳ ሰፋሁላት። እናቷ ሲያዩት፣ «በልጄ ሠርግ ታሟርቺብኛለሽ? ይሄ እኮ የለቅሶ ጥቁር ነው!» ብለው ጮኹብኝ። «ሰማያዊ ነው!» ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጄ ብሩክታይት ጥለቱን መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን አየችው። ኋላ ክሩን መርፌው ውስጥ እያስገባችልኝ፣ «እማዬ፣ ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ልያዝልሽ?» አለችኝ። «ለምኑ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁ ሰው ነኝ!» አልኳት። ቦርሳውንም ለራሴ አስቀርቼ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ይዤው እሄዳለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ። ስትጽፊልኝ ግን ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ ድሮ እንዲህ አድቅቀሽ አትጽፊም ነበር።

እህትሽ በላይነሽ