የግሪሳው ማደሪያ

ጥቅምት 19፣ መርሳ

ዛሬ ሸህ እንድሪስ የምሠራበት ጋራዥ ድረስ መጡ። ማሽላቸውን ግሪሳ ወፍ እየጨረሰባቸው ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ወጥቶ ቢጮህ፣ በወንጭፍ ቢወረውር፣ ወፉ ከምንም አልቆጠራቸውም።

«ልጄ፣ አንተ ሥራ ስትፈታ በመነጽር ወፍ ስታይ ነው የምትውል። የት ነው የሚያድረው? ማደሪያው ካልታወቀ ግብርናዎቹ መድኃኒት አይረጩልንም።»

አውቀዋለሁ። ከድልድዩ በታች ያለው ሸምበቆ ውስጥ ነው። ሲመሽ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ሲገባ ስንቴ ቆሜ አይቻለሁ። ግን እዚያው ሸምበቆ ላይ ያቺ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች፤ ክረምቱን ሙሉ ሳያት የከረምኳት። መድኃኒቱ አንቺ ግሪሳ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቃትም።

«ሌላ መላ የለም ወይ፣ ሸሁ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ። የወንጭፉ ገመድ መዳፋቸውን ልጦታል። ነገርኳቸው።

«አላህ ዓይንህን ያብራልህ!» ብለው መረቁኝ። ዓይኔን!

ከሰዓት ሸሁ ደወሉልኝ። ነገ አመሻሽ ላይ ሸምበቆው ሊረጭ ነው።

ሥራዬን ጥዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ወፍ እንዳይበረግግ ብዬ ሳሌን እንኳ አፍኜ የምይዝ ሰው፣ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩባት። በረረች። ሂጂ፣ ርቀሽ ሂጂ አልኳት። ማዶ ትንሽ ቆየችና ተመልሳ እዚያው ሸምበቆ ላይ ተቀመጠች። ደግሜ ወረወርኩ። ደግማ ተመለሰች።

በመጨረሻ ክንዴ ዛለ። ልሄድ ስል ዞር ብዬ አየኋት። ዓሣ ይዛ እየዋጠች ነው።