ለራቢያ የተውኩት ምንጣፍ

ከኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ መጨረሻ

ለእናቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ቁርጥማቱ ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ቀለል አለልዎት ወይስ ዛሬም ለሰው «ደህና ነኝ» እያሉ ብቻዎን ያቃስታሉ? ላሚቱስ ወለደች? የቦሩ ሜዳ ብርድ በዚህ ዝናብ እንዴት እያደረገዎት ይሆን እያልኩ እዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኜ አስባለሁ። እኔና ባለቤቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንየው ፋብሪካው በፈረቃ እያመላለሰው ያገኘው ወንበር ላይ ሁሉ ይተኛል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም።

መቼም «ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ብለው መደንገጥዎ አይቀርም። አይደንግጡ፣ ክፉ ወሬ አይደለም። ነገር ግን እማዬ፣ የእርስዎ የስልክ አነጋገር ለምስጢር አይሆንም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተው ደጅ ላይ ቆመው ነው የሚያወሩት። እኔ «እንደምን አደሩ?» ስል መንደሩ በሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። ባለፈው ስለ ጥርሴ ሕመም የነገርኩዎት ጊዜ በማግስቱ ደሴ ፒያሳ ላይ ያገኘኋቸው የደብሩ ቄስ «ጥርስሽ ተነቀለ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ ይህን በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል፣ ለብቻዎ፣ ቀስ ብለው ያንብቡት። የሚያመጣልዎ እንየው ነው። እሱን ግን ምንም አይጠይቁት፤ ደስ ሲለው አፉ አያርፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጾሙ አጋማሽ ጀምሮ ደሴ ያለች አንዲት ሐኪም ትከታተለኛለች። እርጥብ ምንጣፍ ማንሳት፣ ሶፋ መግፋት፣ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ ደረጃ መውጣት፣ ይህ ሁሉ ቀረ ብላኛለች። ለምን እንደሆነ አልጽፈውም። ባለፈው ጊዜ ቶሎ ስሙን ጠርተን፣ ለሰው አውርተን የሆነውን ያውቁታል፤ አልጋዬ አጠገብ የሰነበቱት እርስዎ ነዎት። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው «ይኼን የሰው እድፍ ማጠብ ተዪው፤ ወይ ሥራሽን ወይ ራስሽን ምረጪ» ያሉኝም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። አንድ ብሩሽና አንድ ባልዲ ይዤ የጀመርኩት ሥራ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻም ደሴም ምንጣፍ ሲቆሽሽ፣ በዓል ሲደርስ፣ ሠርግ ሲደገስ የምጠራው እኔ ነኝ። ጥቂት ወር ብተወው ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ማን ያስታውሰኛል? እጄን አጣጥፌ ቤት ብቀመጥ ደግሞ ጭንቀቱ ራሱ ይጥለኛል። ያኛውንም ይኼኛውንም እንዳላጣ ስል ሰው ልቅጠር አልኩ። ለግማሽ ቀን ብቻ፤ ለሙሉ ቀን ገና አቅሙ የለኝም።

ሰው መቅጠር እንዲህ መከራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደላላው ያመጣልኝን የመጀመሪያዋን ልጅ የሶፋውን ጀርባ ሳትነካ ጨረስኩ ስላለች መለስኳት። ሁለተኛዋን መስኮቱን በወለሉ ጨርቅ ስትወለውል አየሁና ሥራዋን እንኳ ሳላስጨርስ አሰናበትኳት። እንየው «አንቺ የምትፈልጊው ሠራተኛ ሳይሆን ሌላ አንቺን ነው» አለኝ። አኮረፍኩት። ልክ ስለሆነ ነው ያኮረፍኩት።

ራቢያ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የሐርቡ ልጅ ናት፤ ወልዳ ያሳደገች፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ከቀትር በኋላ ማንጎና ፓፓያ የምትሸጥ። ጥዋት ጥዋት ሥራ የላትም። ብሩሽ አያያዟን ሳይ ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ የሰው ቤት ቁልፍ የሚያዝበት ሥራ ነውና ተያዥ አምጪ አልኳት። አንድ ሰው መታወቂያውን ይዞ መጥቶ እንዲፈርምላት ነበር ያሰብኩት። እሷ በማግስቱ ሰው ሲሞት የሚያስቀብረውን የቅሬያቸውን ዳኛ ጋሽ ደጉን ከፊት አስቀድማ፣ የቅሬውን ሴቶች ከኋላ አስከትላ ግቢዬን ሞላችው። ያን ሁሉ ሰው ያየች ጎረቤቴ የኔነሽ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች።

ጋሽ ደጉ ተቀመጡና «የራቢያ ተያዥ ቅሬው ነው» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያንቺስ ተያዥ ማነው?» አሉኝ። ቀጣሪዋ እኔ ነኝ ብላቸው «እኮ! የምትበደለው ተቀጣሪዋ አይደለችም ወይ?» አሉ። ለዒድ ታሠሪያታለሽ ወይ? ብትታመም ምን ታደርጊያታለሽ? የሰው ዕቃ ጠፋ ቢባል በሷ ታላክኪያለሽ ወይ? እያሉ ሲያፋጥጡኝ ላብ በላብ ሆንኩ። በኋላ የኔነሽ ነጠላዋን እያስተካከለች «ለሷ እኔ ተያዥ ነኝ» ብላ ገላገለችኝ።

ከዚያ ዱአ አደረጉልን። እጃችንን ዘርግተን አሚን እንላለን። ሥራችሁን ያሳምረው፣ እጃችሁን ይባርከው፣ አገሩን ሰላም ያድርገው አሉ። ቀጥለው «የልጅቷን ማኅፀን አላህ ያለምልመው» አሉ። ለማንም ሴት የሚሰጥ ምርቃት ነው፤ ስለ እኔ የሚያውቁት ነገር የለም። እኔ ግን አሚን ማለት አቅቶኝ እንባዬ መጣ። ሌላው ሰው አላስተዋለኝም፤ ራቢያ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

የመጀመሪያ ሥራዋ ደሴ ፒያሳ፣ ደንበኛዬ እትዬ ኩኩ ቤት ነበር። ሐኪሟ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አታብዢው ስላለችኝ ብቻዋን ላክኋት። እስከ ረፋድ ታገሥኩና ደወልኩ። እንዴት እየሠራች ነው? ብል እትዬ ኩኩ «ምን ትሠራለች? እየበላች ነው እንጂ» አሉኝ። ለካ ገና በር ላይ የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠይቀዋታል። አባቷ ድሮ እትዬ ኩኩ ሐርቡ ለንግድ ሲወርዱ የሚያሳድሯቸው ሰው ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ማን ብሩሽ ያስነካት! የዚያን ደግ ሰው ልጅ በቤቴ መጋረጃ አላሳጥብም ብለው ቁጭ አድርገው ሲያበሏት ዋሉ። ማታ የሰጧትን ቆሎና የቀሚስ ጨርቅ ተሸክማ፣ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፍታ መጣች። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷም ከእኔ ጋር ሳቀች።

በማግስቱ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ፈልጌ አብሬያት ሄድኩ። ለእትዬ ኩኩ «ዛሬ እንግዳዋ እኔ ነኝ፤ የሚያበሉትን እኔን ያብሉኝ፣ እሷን ይልቀቋት» አልኳቸው። እያጉረመረሙ እሺ አሉ። እኔ ተቀምጬ ስበላ ራቢያ ምንጣፉን ጠቀለለች፣ መጋረጃውን አወረደች። እማዬ፣ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብዬ ማየት እንዲህ ያማል ብዬ አላስብም ነበር። ጥግ ጥጉን ዘለለችው እያልኩ አንገቴን ሳሰግግ ዋልኩ። አልዘለለችውም። አንዱን ጥግማ እኔ ራሴ ከዚህ በፊት ረስቼው የከረምኩት ኖሯል።

ያም ሆኖ ልማድ ክፉ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ግቢዬ ውስጥ አጥበን ግንቡ ላይ የሰቀልነው ትልቅ ምንጣፍ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ዝናብ መጣ። ራቢያ ጓዳ ነበረች። ሳላስበው ሮጬ ጫፉን ያዝኩና ወደ ትከሻዬ ላነሳው ስል ከኋላዬ ጮኸችብኝ። «ወላሂ ብታነሺው ሥራሽን ጥዬልሽ ነው የምሄደው!» አለች። መጥታ ምንጣፉን ከእጄ ላይ ወሰደችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የያዝሽው ይበቃሻል፤ ይኼን ለኔ ተዪው» አለችኝ። አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም እኮ።

ተውኩላት። በረንዳው ሥር ቆሜ እሷ በዝናብ እየታገለች ስታስገባው አየሁ። ዳግመኛ ረጥቦ ስለነበር ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ እኔ ግን አልከፋኝም። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴን ሞልቼ ተነፈስኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ወይ ሥራዬን ወይ ሌላውን አንዱን እንደምቀብር እርግጠኛ ሆኜ ነበር የማድረውም የምነሳውም። አሁን ቀለለኝ። ትናንት ሐኪሟ አይታኝ ሁሉ ነገር በቦታው ነው አለችኝ። ባለፈው ጊዜ የወደቅሁባትን ወር አልፌያታለሁ።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጉልበትዎን ሳያደክሙ፣ ለማርያም ጧፍ ሲያበሩ ለምን እንደሆነ ለሰው ሳይናገሩ፣ እኔንም ያስቡኝ። ጸሎትዎ አይለየኝ፤ እርስዎንም በዕድሜና በጤና ያቆይልኝ።

ደግሞ የበልጉን ገብስ ሲያስገቡ ሁሉንም ገበያ አያውጡት። ጥሩ ጥሩውን እስከ ጥቅምት ያስቀምጡልኝ፤ ቅቤውንም እንዲሁ። ሰው ለምንድን ነው ካለዎት «ልጄ ሠራተኛ ቀጥራ የምትቀልበው ሰው በዛባት» ይበሉ። በጥቅምት ሲመጡም የመመለሻ ቀን አይቁረጡ።

የምትናፍቅዎ ልጅዎ