ዘግይቶ የተገዛው ኮርማ

ይድረስ ለወንድሜ ለወንድዬ፣ ጅቡቲ

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? የጅቡቲው ሙቀት እንዴት እያደረገህ ነው? በነሐሴ ያስተኛህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጭነት ስታነሳ ትደብቀናለህ? ባለቤትህ ፍቅርተማርያም ጤናዋ እንዴት ነው? ትንሹ ዘአማኑኤልስ ጥርስ አብቅሎ ጨረሰ ወይስ አሁንም እናቱን ይነክሳል? ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ። እኔ እህትህ ብዙወርቅ በቁሜ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

በበዓሉ ማግሥት ደውለህ እንዴት ዋላችሁ ስትለኝ ጥሩ ነው ብዬ ቶሎ የዘጋሁብህ ተቀይሜህ አይደለም። ጆሮዬን የፋብሪካው ማሽን እንደበላው ታውቃለህ። ስልክ ላይ ሳወራ እጮኻለሁ፣ እኔ ስጮህ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይሰማል። ይሄ ግቢው ሊሰማው የማይገባ ነገር ስለሆነ በወረቀት አድርጌ ተሳቢ ለሚነዳው ለያደታ ሰጥቼዋለሁ። እሱ ፊት አትክፈተው።

ዋናውን ላስቀድምልህ። ቀናው ሆስፒታል ተኝቷል። አይሞትም ብለውኛል፣ ሆዱን ሰፍተውታል። ጥር 9 ይወጣል። ሲወጣ ጎረቤታችንን ባለሱቁን ፈቀደን ሊገድለው ምሏል፣ ባሌን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ለመሐላው ሰነፍ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት መድረስ አለብህ። እንዴት እዚህ እንደደረስን ከሥሩ ልንገርህ።

የሁለቱ ጠብ የገና ቅርጫ እንደሆነ አንተም እዚህ ሳለህ ያየኸው ነው። ቀናው የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ ሰንጋ ገዝቶ ግቢው መሐል ያስራል። ፉርሽካና አተላ እያበላ ወር ከምናምን ያከርመዋል፣ ግቢው ሸተተ ብንለው አይሰማም። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ የአሥራ ሁለቱን አባወራ ቢላዋ፣ የሽንኩርት መክተፊያ ሳይቀር፣ ሰብስቦ ብረታ ብረት ፋብሪካው ወስዶ ይስላል። ስሎ ሲያበቃ ራሱ በበየደው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ቁልፉም ከሱሪ ኪሱ አይወጣም። እኛ ሴቶቹ እስከ በዓሉ ድረስ ሽንኩርት የምንከትፈው በምላጭ ነው።

ፈቀደ ሌላ ፍጥረት ነው። ሱቁ ውስጥ ስኳር ማለቁን የሚያውቀው ሰው ስኳር ስጠኝ ሲለው ነው። ከብት ወር ሙሉ መቀለብ ምን ይሉታል፣ በዋዜማው የሚመጣ ሻጭ አገሩ ለመመለስ ስለሚቸኩል ራሱ ይለምንሃል ይላል። በየዓመቱ በዚህ ሲሰዳደቡ ከርመው ሥጋው ሲመደብ ይታረቁ ነበር። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ሚሊኒየም ነው፣ አዲስ ነገር እንሞክር አለና ኅዳር ላይ ተሰብስበን ፈቀደ ይግዛ ተባለ። ቀናው ከስብሰባው ሲመለስ የቤቱን በር የከፈተው በእግሩ ነው። ቢላዋውን ግን አልተወም፤ በሬውን ይውሰደው፣ ስለቱ የኔ ነው ብሎ እንደ ልማዱ ሰብስቦ ቆለፈ።

እንግዲህ ስሕተቱን ስማ። አምና ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች ዘንድሮ ገና በ28 ነው የዋለው። ፈቀደ ግን ሱቁ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ያምናውን ቀን መቁጠሪያ እንኳ አልቀየረም። እዚያ ላይ 29 በቀይ ታትሟል፣ እሱም 29ን ይዞ ተቀመጠ። በሬው የት አለ ሲሉት ጊዜ አለ፣ አትቸኩሉ ይላል። ቀናው ሰውየው ቀን እንደተሳሳተ ገብቶት ነበር። ለምን አትነግረውም ብለው ይዋረድልኝ አለኝ። እኔም ሄጄ አልነገርኩትም፤ የባሌን ነገር ሰፈር አላወጣም ብዬ ተውኩት።

እሑድ ታኅሣሥ 27 ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ዱሬሳ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ቅቤ ሊገዙ ሱቁ ገቡ። ለነገ ነው፣ ጥሩውን ስጠኝ አሉት። ፈቀደ ቅቤውን ሚዛን ላይ እንዳስቀመጠ ደርቆ ቀረ አሉ። ከዚያ ሱቁን ሳይዘጋ ወደ አቃቂ ከብት ተራ ሮጠ። ሰንጋው ሁሉ ተሽጦ አልቋል። የቀረው ማንም ያልፈለገው አንድ ጥቁር ኮርማ ነው፣ ያልተቀጠቀጠ፣ ቀንበር የማያውቅ፣ በዚያው ቀን ማለዳ ከገጠር የተነዳ። ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ተሳቢ ጡሩምባ ሲነፋበት ጊዜ አበደ። ግቢያችን በር ላይ ሲደርስ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ፈቀደ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ እየተጎተተ ነው የመጣው።

ዐሥር ሰዓት ይሆናል። እኔ ደጃፌ ላይ ለማግሥቱ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር። ቀናው ወጣ። በሬ ሊቀበል አልወጣም፣ ሊሳደብ ነው የወጣው። ይሄ ነው ሰንጋህ፣ ጅብ የተወውን ነው ያመጣህልን አለው። ፈቀደ ራቅ በል፣ ደንግጧል፣ እስካስረው ተወው ብሎ ለመነው። ቀናው ገመዱን ከእጁ ነጠቀ። በዚህም አልበቃውም፣ በገመዱ ጫፍ የኮርማውን ግንባር ገረፈው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛውን ለመሰንዘር ጊዜ አላገኘም።

ኮርማው አንገቱን ዝቅ አደረገና ቀንዱን ከጎድኑ በታች ሰክቶ አነሳው። ያንን የሚያህል ሰውዬ እንደ እርጥብ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ሲወድቅም አልተወውም፣ ከግድግዳው ጋር እያላጋ ደጋግሞ ወጋው። ፈቀደ ጅራቱን ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትት በእርግጫ ደረቱን ብሎ ጣለው። ተነስቶ እንደገና ያዘው። ቀናው ይጮህ ነበር፣ ከዚያ መጮኹን አቆመ። እኔን ያስነሳኝ ዝምታው ነው።

መጥረቢያው እጄ ላይ ነበር። አልጸለይኩም፣ አላሰብኩም። ሮጬ በሙሉ ጉልበቴ ከሁለቱ ቀንዶች መሐል አሳረፍኩበት። አልወደቀም፤ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛውን ከጆሮው ሥር መታሁት፣ አጥንቱ ሲሰበር እስከ ክንዴ ተሰማኝ። በጉልበቱ ተንበረከከ። በሦስተኛው በጎኑ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደመታሁት አላውቅም፣ ሰው መጥቶ ከኋላዬ አቅፎ ነው መጥረቢያውን የቀማኝ። እውነቱን ልንገርህ ወንድዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታጁ የእሱ በዓል ስላልነበር ሚኒባሱን ሲሠራበት ውሎ በዚያ ሲያልፍ አስቆምነው። ቀናውን ጭነን ስንወጣ ኮርማው ገና ይተነፍስ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ጎረቤቴ እትዬ አስካለች ናቸው። ቶሎ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ሊሆን ነው ብለው ወንዶቹ ወደ ሳጥኑ ሮጡ። ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ቀናው ኪስ ውስጥ ሆኖ ሆስፒታል ሄዷል። በኔ መጥረቢያ ቢመቱት ስለቱ ታጠፈ እንጂ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። የቀናው ብየዳ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ሀይረዲን የራሱን ቢላዋ ይዞ እየሮጠ መጣ። አንዱ የእስላም ማረጃ ነው፣ አይሆንም አለ። ጋሽ ዱሬሳ ቢላዋ ሃይማኖት የለውም፣ ታጥቦ ይባረክበት አሉ። ሌላው ቄስ ይጠየቅ አለ። ደግሞ አንዱ፣ ሴት የጣለችውን እንዴት እንበላለን አለ አሉ። ማን እንደሆነ እትዬ አስካለች ሊነግሩኝ እምቢ ብለዋል፣ እኔን ስለሚያውቁኝ። ቄስ ሊጠይቅ የሄደው ሳይመለስ ኮርማው ሞተ። ሀይረዲን ቢላዋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ሥጋው ሲያመልጣቸው ወደ ፈቀደ ዞሩ። አርባ ሦስት ቀን የጾሙ ሰዎች ናቸው፣ በማለዳ አብረን ያስቀደስን። አንዱ ገመዱን ሆን ብሎ ለቀቀበት አለ፣ ያ በቃቸው። በዱላ፣ በጫማ፣ እጃቸው ላይ በገባው ሁሉ መቱት። ሁለት ጥርሱን አወለቁት፣ ቅንድቡን ተረተሩት፣ የሱቁን መስኮት በድንጋይ አረገፉት። ሚስቱ ሉላ ላዩ ላይ ተኝታ ነው ያስጣለችው፣ እሷም ትከሻዋ ላይ ቀምሳለች። ከዚያ በዚያው ገመድ ኮርማውን ጎትተው ወንዙ ዳር ጣሉት። የጣቢያው ፖሊስ መጥቶ ሲመዘግብ ማን ነው የወጋው አለ፤ ኮርማው ነው፣ ሞቷል አሉት፤ እሱም ደብተሩን አጥፎ ሄደ። ገናን ግቢው በሽሮ ዋለ። ዶሮዬን የሚያርዳት ጠፍቶ እስከ ዛሬ ደጃፌ ላይ ትጭራለች።

ሆስፒታል ሐኪሙ ደም አምጡ አለ። የኔ ደም አይሆንም ተባልኩ። የቀናው ወንድሞች ነገ ጠዋት እንመጣለን አሉ። ኮሪደሩ ላይ ስንከራተት ፈቀደን አየሁት። ከንፈሩ አብጦ፣ ሸሚዙ በደም ረጥቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተሰልፏል። ነርሷ አንተ ራስህ ታካሚ አይደለህም ወይ ብትለው፣ ጥርስ ነው የጎደለኝ እንጂ ደም ሞልቶኛል አላት። ካወቅሁት ጀምሮ ከሰው ቀድሞ ሲደርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለቀናው እንዳትነግሪው ብሎ በልጄ በእምነት አስማለኝ። ለቀናው ላልነግር ነው የማልኩት፣ ላንተ ላልነግር አልማልኩም።

ቀናው እንደነቃ የጠየቀኝ ስለ ቁስሉ አይደለም። ሆን ብሎ ለቀቀብኝ አይደል አለኝ። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። በማግሥቱ ከሳጥኑ ረጅሙን ቢላዋ አምጪና ትራሴ ሥር አስቀምጪልኝ አለኝ። ነርሷ በፌስታል አድርጋ በሰጠችኝ በደም የደረቀ ሱሪው ኪስ ውስጥ ቁልፉን አገኘሁት። ሳጥኑን ከፍቼ ለየቤቱ ቢላዋውን መለስኩ። ረጅሙን አቃቂ ወንዝ ወረወርኩት። ለቀናው ጠፋ ብዬዋለሁ፣ አላመነኝም። ቢላዋ ከጠፋ ብረት አይጠፋም አለኝ።

ገመዱን ራሱ ነው የነጠቀው፣ ወንድዬ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከነሱ ሌላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ነው፣ ሆዱ የተሰፋ ሰው ነው፣ አፌን ያዘኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ከመግባቴ በፊት አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ፈቀደ ጥርሱ አፉ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ይሄ ሲያቃጥለኝ ያድራል። አሁን ብናገር ለባላንጣዬ ወገነች ብሎ ይብስበታል። አንተ ግን ያኔ ሰክሮ ሐዲድ ላይ ሲተኛ ጎትተህ ካወጣኸው ወዲህ፣ ስትቆጣው አንገቱን የሚደፋው ላንተ ብቻ ነው። የገመዱንም የደሙንም ነገር ካንተ አፍ ይስማ። ልግደለው የሚለው ሰው ደም ሰውነቱ ውስጥ እንደሚዞር ንገረው።

አንተ ደግሞ ራስህን ታውቃለህ። አምና ለገና እመጣለሁ ብለህ ከጥምቀት በኋላ ደረስክ፣ ያስቀመጥኩልህን ሥጋ ለውሻ ሰጠሁት። እኔም ስቄ አለፍኩት። ዘንድሮ አልስቅም። ጥር 9 ዓርብ ነው፣ ሐሙስን እዚህ እደር። ያደታ ሲመለስ ከጎኑ ተቀመጥ። ለልጆች ልብስ ልግዛ፣ ቴምር ልግዛ ብለህ አትዘግይብኝ፤ ባዶ እጅህን ና። ከቀረህ መሐላቸው የምቆመው እኔ ነኝ። መጥረቢያውን አስሞርጄ ከበሩ ኋላ አስቀምጬዋለሁ፣ ኮርማው ላይ የተነሣው ክንዴ ባሌ ላይ ይነሣ ይሆን ብዬ ራሴን ፈራሁት።

ፍቅርተማርያምን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ዘአማኑኤልን አክስትህ ትናፍቅሃለች በለው። እምነት እጅ ትነሳለች፣ ከሆስፒታል እስከ ቤት ምግብ የምታመላልሰው እሷ ናት። ጋሽ ዱሬሳና እትዬ አስካለች ሰላም ብለውሃል። ሀይረዲንም ሰላም ብሏል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢያችን ሲገባ ያፍራል፣ ማፈር የነበረብን ግን እኛ ነን። ፈቀደም ሰላም ብሎሃል። ትናንት ጨው ልገዛ ሱቁ ስገባ አዲስ ቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ አየሁ። ጥር 9ን በቀይ እስክሪብቶ ከቦታል።

እህትህ ብዙወርቅ
አቃቂ፣ ጥር 2 ቀን 2000 ዓ.ም.