የአባባ ግራ እጅ

ለምወድሽ እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከጎፈሬዬ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አስቀድሜ አንድ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝ፦ አባባ «ስለ እጄ ለእህትህ እንዳትጽፍ» ብሎኝ ነበር፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የቀኝ እጁ አንጓ ላይ ያበጠውን አክስታችን «ወለምታ ነው» ብላ ስታሸው ከረመች። እሷ እኮ የጥርስ ሕመምንም ወለምታ ነው ትላለች። ራጅ ሲነሳ ግን እብጠቱ አጥንቱ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ «እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ብዙም አያጋጥምም፤ ምንነቱን ናሙናው ይነግረናል» ብሎ በመርፌ ወሰደለት። አባባ ታዲያ «ብርቅ ሰው መሆኔን ድሮም አውቀው ነበር» እያለ ለደንበኞቹ ይጎርራል። ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል።

ፀጉር ቤቱን አልዘጋም። ብቻ ደንበኛ ሲጠፋ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በግራ እጁ መቁረጥ ይለማመዳል። «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው «ቀኙ እንዳይኮራ ነው» አለኝ። ትናንት ጆሮዬ ለጥቂት ተረፈ፤ ዛሬ ግን ግራ እጁ ሳይስት ቀጥ አድርጎ ቆርጧል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አልቀለድኩበትም።

ሰኞ ስልክሽን እንዳትዘጊ። እንዲሁ ነው የምልሽ።

ከተረፉኝ ጥቂት ፀጉሮች ጋር ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወይኔ፣ አባባ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነው፦

«ጎፈሬ! እሷን ማስደንገጥህን ስትጨርስ ና፤ አንዱ ጎን ቀርቶናል!»