ላም መስደብ

ውድ ስንዱ፣

ጎንደር ያለው ኮሌጅ ለመስክ አስተማሪነት ስላመለከትሽ ስለ ሥራሽ እንድጽፍ ጠይቆኛል። የላኩት ቅጽ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼላቸዋለሁ። የግል ማኅደርሽም አብሮ እንዲላክ ይፈልጋሉ። ማኅደርሽ ውስጥ እኔ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ አለ። እሱን ካዩ እንደማይቀጥሩሽ አንቺም እኔም እናውቃለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በእሱ ጉዳይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የአባ ሰንጋ ክትባት በሰጠንበት ዘመቻ፣ የአያ አስናቀው ከብቶች ሰባት ሆነው ሜዳው ላይ ቆሙ። አንቺ መዝገቡ ላይ ስምንት ብለሽ ጻፍሽ። ስምንተኛዋ የት ናት ብልሽ «ተከትባለች» ብቻ አልሽ። ሜዳ ላይ ያልቆመች ከብት ማን አይቷት ነው የምትመዘገበው ብዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮህኩብሽ። የሐሰት መዝገብ ይዘሻል ብዬ ማስጠንቀቂያ ስጽፍብሽም ፈርመሽ ተቀበልሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላነሳሽብኝም። ዝም ያልሽው ጥፋትሽን ስለምታውቂ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አያ አስናቀው ክሊኒክ ድረስ መጣ። ላሙ ምጥ ላይ ናት፣ ጥጃው አልወጣ ብሏል። አንቺ ለቃለ መጠይቁ ጎንደር ነበርሽና ቦት ጫማዬን አጥልቄ እኔው ተከተልኩት። ደጅ የቆሙትን ከብቶች አልፎ ቤት አስገባኝና ከጓዳው በኩል ያለውን መጋረጃ ገለጠ። ጨለማው ውስጥ አንዲት ቀይ ላም ቆማለች። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንደሷ ያለች አላየሁም። ሳላስበው፣ ምን ያለች ሸጋ ላም ናት አልኩ።

የአያ አስናቀው ፊት ጠቆረ። ባለቤቱ እንኳየሁ ነጠላዋን ገፍፋ የላሟን ግት ሸፈነች። ለካ ላሟን ከሰው ዓይን ደብቀዋት ነው የኖሩት፤ ለክትባት እንኳ አትወጣም።

«ምነው ዶክተር፣» አለ አያ አስናቀው፣ «ስንዱ እኮ ልትወጋት ስትመጣ መጀመሪያ ትሰድባታለች።»

«ምን እያለች?»

«ከሲታ፣ የጅብ ትራፊ፣ ለማን ትሆኛለሽ እያለች ነዋ።»

«እስኪሰድቧት እጅዎን አያስገቡባትም» አለች እንኳየሁ።

ስለዚህ በሃምሳ አራት ዓመቴ ላም ሰደብኩ። መጀመሪያ አፌ ተሳሰረ። ክሊኒክ ውስጥ በእናንተ ላይ የለመድኩት ሲመጣልኝ ግን ማን ያቁመኝ። ዝርክርክ አልኳት፣ ደንታ ቢስ አልኳት፣ ሰዓት የማታከብር አልኳት። እንኳየሁ አፏን ይዛ ሳቀች፤ አያ አስናቀውም የላሟን ጭራ ያዘልኝ። የጥጃው አንድ የፊት እግር ታጥፎ ኖሯል። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ አቃናሁትና ሳብኩ። ሴት ጥጃ ናት። ቆማ ስትጠባ አይቼ ነው የወጣሁት።

ደጅ ላይ አያ አስናቀውን፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ተቆጣሁት። «እሷንም አስምለናት ነው» አለኝ። ለማንም ላትናገሪ ምለሽ፣ ላሟን ከትበሽ፣ ቁጥሯንም በትክክል መዝግበሽ፣ ቅጣቱን ብቻሽን ተሸከምሽ። በዚያ ክረምት የጎረቤታቸው ሁለት በሬዎች በአባ ሰንጋ ሲሞቱ ላሟ የተረፈችው በአንቺ ነው።

ማስጠንቀቂያውን አልቀደድኩትም፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀት አይቀደድም። «መዝገቡ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ በፊርማዬና በማኅተም ሽሬዋለሁ። የላሟን ባለቤት ስም አልጠቀስኩም። ማኅደርሽ ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዷል።

በስምንት ዓመት አንድ ቀን ጎበዝ ብዬሽ አላውቅም። ከሰው ዓይን ልጠብቅሽ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ጠባዬ ነው። አሁን ግን ከልቤ እየጠበቅሁሽ ነው፦ ቦት ጫማሽን ሳታጥቢ የሄድሽ፣ ዝርክርክ፣ የጅብ ትራፊ፣ ለማንም የማትሆኚ። እትፍ፣ እትፍ።

ባምላክ
አምባ ጊዮርጊስ