ዝቅ ያለችው የሙሽራ መኪና

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ነገ የባለቤቴ እህት ምሕረት ታገባለች። ባለቤቴ ታምራት መኪናችን ለሠርጉ ዝቅ ብላ ካልታየች ብሎ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አካሏን ከጎማው በላይ ከፍ አድርገው የሚይዙትን አራቱንም ሞላ በግራይንደር ቆረጣቸው። አልዋሽም፣ እኔም ሳያት አምራኝ ነበር።

ግን የሞከራት ብቻውን ነው። እስከ መናኸሪያ ነድቶ ተመለሰና “እንደ ቅቤ ነው የምትሄደው” አለኝ። ነገ ደግሞ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን ጭና ሞርሲቶ ድረስ ልትሄድ ነው።

“ሰው ጭነን እንያት” አልኩት።

“አታሟርቺ!” ብሎ ጮኸብኝ።

እምቢ ብዬው ሁለት ጎረቤቶች ጠራሁና ከኋላ ተቀመጥን፤ እሱ መሪውን ያዘ። የግቢውን በር እንዳለፍን ከስር የሚፍቅ ድምፅ መጣ፤ ጎማ ሲቃጠል ሸተተን። ወርደን ስናየው የኋላው ጎማ ከመኪናዋ አካል ጋር ተፋትጎ ጎኑ ተልጧል። ታምራት ወዲያው ሌላ ሞላ ሊፈልግ ወጣ፤ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ያልጠየቀው ሱቅ የለም፣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

“ቀስ ብዬ እነዳታለሁ” አለኝ። የሞርሲቶን ኮረኮንች መንገድ እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀዋል።

“ሌላ መኪና እንለምን። ለምሕረት ልንገራት።”

“በሠርጓ ዋዜማ? ሰው ምን ይለኛል?”

ይህን እያልን ምሕረት ሪባንና አበባ ታቅፋ ገባች። መኪናዋን ስታይ እልል አለች። ወንድሟን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው፤ እሱ ግን መሬት መሬት ያያል። የኋላውን ወንበር ነጭ ጨርቅ አለበሰችና ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ ከጎኔ ነሽ የምትቀመጪው፣ እሺ?”

እሺ አልኳት።